ሰው መንካት ክልክል ነው

ቱጂሞቶ ሳን (በእኛ አገር "ሳን" የአክብሮት መጠሪያ ነው) የሚቆሙት ከትምባሆ ሱቄ መስኮት ፊት ለፊት፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነበር። አረንጓዴ ኮት ይለብሳሉ፤ ክንዳቸው ላይ መለያ ጨርቅ ታስሯል፤ በእጃቸው ክዳን ያላት ትንሽ የቆርቆሮ መተርኮሻ ይይዛሉ። ሥራቸው መንገድ ላይ የሚያጨስ እንግዳ ሲያዩ ቀረብ ብለው ማስቆም ነው።

በእኛ ሰፈር መንገድ ላይ ማጨስ ከተከለከለ ቆይቷል። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወደ ኪዮቶ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ነጥፎ አያውቅም። ማጨስ ያማረው ከሱቄ ጎን ከቆመው ግድግዳ ኋላ ሆኖ ያጨሳል፤ አለዚያ ማዶ ካለው አሮጌ መጠጥ ቤት ገብቶ ይለኩሳል። እንግዶቹን ግራ የሚያጋባቸው ይሄ ነው። በአገራቸው ቤት ውስጥ ክልክል፣ ደጅ የተፈቀደ ነው አሉ።

ቱጂሞቶ ሳን ለማንም "ክልክል ነው" ብለው አያውቁም። ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱና ቆርቆሮዋን በሁለት እጃቸው ይዘረጋሉ። አብዛኛው ሰው ደንገጥ ብሎ ሲጋራውን እዚያው ያጠፋል። አንዳንዱ ግን ለማኝ መስለውት ሳንቲም ይጥልባታል።

"ዛሬስ ምጽዋቱ እንዴት ነው?" እላቸዋለሁ በመስኮት።

"ካንቺ ንግድ ይሻላል፣ ፉሳኤ ሳን። እኔ ለዕቃ ገንዘብ አላወጣም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲያቀልሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የጥፍራቸው ሥር እስካሁን ሰማያዊ ነው። ማቅለሚያ ቤቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ሚስታቸው ኪኩኖ ታመው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ከሩዝ ማብሰያው ጋር ማውራት መጀመራቸውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ናጎያ የምትኖረው ልጃቸው ሰማችና አረጋውያን ማደሪያ ላስገባዎት አለች። ቤቴን ጥዬ አልሄድም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ሥራ እስካላቸው ድረስ ቤታቸው ይቆያሉ፣ ሥራው የቀረ ዕለት ልጅቱ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

በመከር ወራት አንድ እንግዳ ከሰሳቸው። ጀርባውን ሰጥቷቸው ሲያጨስ ትከሻውን በጣታቸው ነካ አድርገውት ነበር። ጥበቃዎቹን የሚያሰማራው ድርጅት ጠርቶ አስጠነቀቃቸው፤ እንግዳ አይነካም፣ ሁለተኛ ከነኩ ይሰናበታሉ። ይህን ልታስረዳ የመጣችው ኖዙኤ ሳን የምትባል ወጣት ተቆጣጣሪ ነበረች። ሱቄ ደጃፍ ቆመው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

"ሰምቶኝ ካልዞረስ?" አሉ።

"ደግመው ይጥሩት።"

"ጆሮውን በሙዚቃ የደፈነውንስ?"

"ፊት ለፊቱ ይቁሙ።"

"ወደ ኋላ የሚራመደውንስ? ፎቶ ሲያነሱ እኮ ሁሉም የኋሊት ነው የሚሄዱት።"

"ቱጂሞቶ ሳን፣ እባክዎን። እኔም ያዘዙኝን ነው የምነግርዎት።" ክፉ ልጅ አልነበረችም። ስትናገር ጫማዋን ነበር የምታየው።

ከዚያ ጀምሮ ቱጂሞቶ ሳን ነፃ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ መክተት ለመዱ። እጃቸው ሳያስቡት እንዳያመልጣቸው የፈሩ ይመስል ነበር።

ነገሩ የሆነው ብርዱ በጠናበት ወራት ነው፤ ነፋሱ የሱቄን መጋረጃ ሲያላጋ በዋለበት ቀን። ኖዙኤ ሳን ሥራቸውን ልታይ መጥታ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ቱጂሞቶ ሳን ከወትሮው በላይ ተገትረዋል። እኔም ምነው ዛሬ እንግዳ ባይመጣ እያልኩ ነበር።

አንድ ረጅም እንግዳ መጥቶ ከእኔ ሲጋራ ገዛ። ግድግዳውን በእጄ አሳየሁት። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው መሰለኝ። ከግድግዳው ኋላ ገብቶ ለኮሰ። ጥቂት እንደቆየ ግን የሰፈራችን ቤተ መቅደስ ረጅም ግንብ ከጣሪያዎቹ በላይ ታየው መሰለኝ ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ግንቡ ሙሉውን ፎቶው ውስጥ አልገባለት ስላለ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረ። ሲጋራው በተንጠለጠለው እጁ ጣቶች መካከል ነው፤ ጆሮዎቹ ተደፍነዋል።

"ይቅርታ፣ ጌታዬ!" አሉ ቱጂሞቶ ሳን። አልሰማም።

"ጌታዬ!" ደገሙ። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

በዚህ መካከል ከታች የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መጡ። ቢጫ ቆብ አድርገው፣ ሁሉም አንድ ገመድ ይዘው በሰልፍ። መምህርታቸው ከፊት ናት። ከኋላቸው ዕቃ የሚያደርስ መኪና ተከተለና ልጆቹን ወደ ግድግዳው ጥግ አስጠጋቸው። መኪናው ማዶ የቆመችውን ኖዙኤ ሳንን ከለላት። መምህርቷ ዓይኗ መኪናው ላይ ነው። ሰውየው ወደ ኋላ ይመጣል፣ ልጆቹ ወደ ፊት ይመጣሉ።

የትልቅ ሰው እጅ ሲንጠለጠል የሚደርሰው የሕፃን ፊት ላይ ነው። ይህን እዚህ አገር ሁሉም ያውቃል፤ ደንቡም የወጣው ለዚያ ነው። ከገመዱ መጨረሻ የነበረችው ትንሿ ልጅ የቆቧን ማሰሪያ እያኘከች ቀና ብላ መኪናውን ታያለች። ነፋሱ ፍሙን እፍ እያለ ያቀላዋል። ከመስኮቱ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የመኪናው ድምፅ ዋጠኝ።

ቱጂሞቶ ሳን ፊት ለፊቱ መቆም አይችሉም፤ ፊቱ ወዲያ ነው። ቆርቆሮዋን መዘርጋት አይችሉም፤ አያያትም። እጃቸው ከኪሳቸው ሲወጣ አየሁ። እንደገና ሲገባም አየሁ። ያቺን ቅጽበት እስካሁን አልረሳኋትም።

ከዚያ ቆርቆሮዋን ጥለው ዘለው ገቡ። ቀኝ መዳፋቸውን በፍሙና በልጅቱ ዓይን መካከል አስገቡ፣ በግራቸው የሰውየውን እጅ አንጓ ጨምድደው ወደ ላይ አነሡት። ፍሙ መዳፋቸው ላይ ጠፋ። ልጅቱ ምንም ሳታውቅ ገመዷን ተከትላ አለፈች።

መኪናው ሲያልፍ ኖዙኤ ሳን ሮጣ መጣች። ሰውየው የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ አንዴ መዳፋቸውን፣ አንዴ ልጆቹን ያያል። ገባው። ደረቱን በእጁ እየመታ በገዛ ቋንቋው ይቅርታ ይለምናቸው ጀመር። ሊከሳቸው ያሰበ ሰው አልነበረም።

"ምን ሆነ? እኔ ከመኪናው ጀርባ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም" አለች ኖዙኤ ሳን። "ምንም አላየሁም" የሚለውን ከበድ አድርጋ ነው ያለችው። ወደ መስኮቱ ዞረች። "ፉሳኤ ሳን፣ እርስዎስ?"

"ነፋሱ ዓይኔን አቧራ ሞልቶት ነበር፣ ልጄ።"

በዚህ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር። ሰውየው አልከሰሰ፣ እሷ አላየች፣ እኔ አልተናገርኩ። ቱጂሞቶ ሳን ግን ሰውን በጉልበት ይዘው ይቅርታ ሳይጠይቁ የሚለዩ ሰው አይደሉም። ልክ ቢሆኑም፣ እጃቸው ቢቃጠልም። ወደ እንግዳው ዞረው ወገባቸው እስኪታጠፍ ሰገዱ።

"እጅዎን አጥብቄ በመያዜ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

እንግዳው ቃላቸው አልገባውም። የገባት ኖዙኤ ሳን ነበረች፤ ከአፋቸው ከሰማች ደግሞ እንዳልሰማች መሆን አትችልም።

"ምነው ቱጂሞቶ ሳን..." አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ምን ነበረበት ዝም ቢሉ?"

"ይዤዋለሁ እኮ" አሉ። የተቃጠለው እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው የክንዳቸውን መለያ ጨርቅ የፈታችላቸው እሷ ናት። ቋጠሮው ጠብቆባት ብዙ ቆየች።

እኔ እጃቸውን የሚነክሩበት ቀዝቃዛ ውኃ በሳፋ አወጣሁ። ሌላ ከእጄ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

ልጃቸው መኪና ይዛ የመጣች ጠዋት መስኮቴ ጋ መጥተው ቆሙ። መዳፋቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

"አንድ ፓኮ ስጪኝ።"

ኪኩኖ ከታመሙ ወዲህ አጭሰው አያውቁም። ያኔ ይወዱት የነበረውን ዓይነት አስታውሼ አወረድኩላቸው።

"እዚያ ማደሪያው ማጨስ ይፈቅዳሉ እንዴ?"

"ግቢው ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው አሉ።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግልዎ?"

"እንደ እኔ አንድ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም መቼም" አሉ፣ ፓኮውን በግራ እጃቸው ኮታቸው ውስጥ እየከተቱ። "ለኩሼ በሩ ላይ ብቆም መጥቶ ያናግረኛል።"