የኡዌራ እጅጌ

በሩዋንዳ፣ ከቡታሬ ከተማ ወዲህ ባለው ኮረብታ እንደ ዶሚቲላ ልብስ አጣቢ የለም። የምታጥበው ግን የሞቱትን ነው። የዘር ፍጅቱ ዘመን ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ሌሎቹ ሴቶች አፅሙን ሲያጥቡ እሷ ልብሱን ትይዛለች፤ አጥባም በመታሰቢያው ግቢ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ወገን የጠፋበት ሁሉ እየመጣ በገመዱ ሥር ያልፋል። ልብሱን የለየ ሰው ወገኑን በስሙ ይቀብራል።

እሷም ሃያ ዘጠኝ ዓመት የራሷን ስትጠብቅ ኖራለች፤ የሰባት ዓመት ልጇን የኡዌራን ቢጫ ሹራብ። የሠራችው ራሷ ናት። ለሚመጣው ዓመትም እንዲሆናት አስረዝማ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ በቀይ ክር ጠቅ ጠቅ አድርጋዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚታጠበው መሀል ሹራቡን ባጣችው ቁጥር ታዝናለች፣ ደስም ይላታል። አንድ ደግ ሰው አንስቶ አሳድጓት ቢሆንስ? ናፍቆቷ በዚህች ተስፋ ላይ ነው የኖረው።

ሥራ ላይ ግን አፏ አይቻልም። ሊያግዙ የመጡትን ልጃገረዶች ቁም ስቅላቸውን ታሳያቸዋለች።

«እጥፋቱን ፍቱ! ኪሱን ገልብጡ! እጥፋት ውሃ ይይዛል፣ ልብስ ያሻግታል። እናቶቻችሁ ምንድን ነው ያስተማሯችሁ?»

«እርስዎን መፍራት ነዋ፣ ማማ!» ትላለች ከሁሉም ደፋሯ ካይቴሲ።

በዚህ ሚያዝያ የተገኘው ጉድጓድ በጎረቤቷ በሴምባጋሬ የሙዝ ማሳ ውስጥ ነው። ሴምባጋሬ ከገዳዮቹ ጋር ነበር፤ ታስሮ ተፈቷል። የማውቀውን ሁሉ ተናግሬአለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ዘንድሮ ራሱ መጥቶ ቦታውን አሳየ። አሁን በጄሪካን ውሃ ያመላልሳል።

«ማማ ዶሚቲላ፣ ውሃ ልጨምር?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘገየህ» አለችው። ቀና ብላ ሳታየው ሳፋውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «ጨምር» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሳፋው ውስጥ ጭቃው ሲለቅ ቢጫ ብቅ አለ። ቀዩ ክር አልተበጠሰም። ዶሚቲላ እንደ ሌላው ሁሉ አሸችው፣ በቀስታ ጨመቀችው፣ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ሴምባጋሬ ፊቷን አይቶ ጄሪካኑን አስቀመጠ።

ካይቴሲ ምንም ሳታውቅ በገመዱ ሥር ስታልፍ ቆም አለች።

«ዛሬስ ያዝኩዎት፣ ማማ! እጅጌው እንደታጠፈ ነው ያሰጡት። ልፍታው?» ብላ መቀሷን አወጣች።

ዶሚቲላ እጇን ያዘቻት።

«ተይው ልጄ። እሱ የሚፈታው ስታድግ ነው።»