ሦስተኛው ጥሪ

ፍርድ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የተሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ችሎት አስከባሪው። ሁላችንም «ደወሉ» እንለዋለን። እኔ ከችሎቱ ፊት ለፊት ባለው መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ሲጣራ እስክሪብቶ ከእጄ ይወድቃል። «ጋሼ፣ የሞቱትንም ነው እንዴ የምትጠራው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ልጁ ከሞተች ወዲህ ይህን ቀልድ ተውኩት።

ሥራው ቀላል ነው። በሩ ላይ ቆሞ የባለጉዳዩን ስም ወደ ኮሪደሩ ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስተኛው ካልመጣ በሩን ዘግቶ «አልቀረበም» ይላል፤ ዳኛውም መዝገቡን ይዘጋል። ደወሉ ማንንም ጠብቆ አያውቅም። የገዛ አክስቱን ልጅ መዝገብ እንኳ ሰውየው ሽንት ቤት ሳለ አዘግቷል ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች። የቀረችው አንዲት ልጁ ነበረች፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት፣ አውቶቡስ እየጠበቀች ሳለ፣ ሾፌሩን እንቅልፍ የጣለው የጭነት መኪና የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ገደላት። ቀብሯ ላይ ቄሱ «ስለወደዳት ወሰዳት» አሉት። ደወሉ ቀና ብሎ፣ «እኔስ አልወዳትም ነበር?» አለ። ሊያጽናኑት ቤቱ ከመጡት አንዷ ደግሞ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» አለችው፤ ምን በድሎ እንደሆነ ራሱን እንዲመረምር መምከሯ ነው። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም።

ቀስ በቀስ ሰው ቤቱ መምጣት ተወ። ራቱን ቆሞ ነው የሚበላው፤ ከተቀመጠ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ወንበር ዐይን ዐይኑን ያየዋል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በሩ አጠገብ ይቆምና ማንም ሳያናግረው ይወጣል። ምን ብሎ እንደሚጸልይ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ምን መሰለሽ፣ አንድ ቃል ናት። ፍረድ እለዋለሁ። ቸር ነው ይላሉ፤ ቸር ከሆነ ልጄ የታለች? ዳኛ ነው ይላሉ፤ ዳኛ ከሆነ ምን ያስቀምጠዋል?»

ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ሾፌሩ ተፈርዶበት ነበር። ይግባኝ ብሎ በዋስ ወጣ፤ ይግባኙም ዞሮ ዞሮ እኛ ችሎት መጣ። ደወሉ የመጀመሪያውን ክርክር ለመስማት እግሩ እሺ ስላላለው አልሄደም፤ ስለዚህ ሾፌሩ መልኩን አያውቀውም። ዳኛውም ለቤቱ አዲስ ስለሆነ ደወሉ የሟቿ አባት መሆኑን የነገረው የለም። እኔ ጠዋት መዝገቡን ሳይ ክው አልኩና፣ «ጋሼ፣ ይህን እንኳ ሌላ ሰው ይጥራልህ» አልኩት።

«ማን እንደኔ ይጠራዋል?» አለኝ። አነጋገሩ አስፈራኝ።

ጠራ። ኮሪደሩ ጭጭ አለ። ደግሞ ጠራ። ያኔ ከደረጃው በኩል ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁና ብቅ አልኩ። ሾፌሩ ነው። በዚያው አደጋ አንድ እግሩ ተቆርጧል፤ በሁለት ክራንች እየተደገፈ ይወጣል። ሊፍታችን ከተበላሸ ቆይቷል። «አለሁ» ሊል ይሞክራል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቃሉ አይወጣለትም። ደወሉ ከላይ ሆኖ ያየዋል። አንዴ ደግሞ ጠርቶ በሩን ቢዘጋ የሚወቅሰው አልነበረም፤ ሰውየው ቃሉ ሳይሰማለት ቀጥታ ወደ እስር ቤት ይሄድ ነበር። ሲለምነው የኖረው ፍርድ አሁን የእሱ አፍ ውስጥ ነው። አፉን ከፈተ። ስሙን ግን አልጠራም።

«ጥራው እንጂ!» አለ ዳኛው ከውስጥ።

«እየመጣ ነው፣ ክቡር ዳኛ። ይጠበቅ።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ሾፌሩ ላቡ እየተንጠባጠበ ደረሰ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለው። ደወሉ በሩን ይዞ አሳለፈው።

ይግባኙ አልቀናውም። ያለውን ሁሉ ተናገረ፣ አለቀሰም፤ ዳኛው ሳያቋርጠው አዳምጦ ቅጣቱን አጸናበት። በፖሊስ ታጅቦ ያንኑ ደረጃ ወረደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉ መዝገብ ቤት ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ይቅር ያልኩት እንዳይመስልሽ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ጠበቅኸው?»

«ደረጃ እየወጣ ባለ ሰው ላይ በር መዝጋት አቃተኝ። የላይኛውም ለምን እንደሚዘገይ ዛሬ ትንሽ ገባኝ። ፍርዱን ረስቶ አይመስለኝም። እንደኔ አፉን ከፍቶ አቅቶት ይሆናል።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ለእሷስ? ለእሷ ለምን አልራራም? ያ ሰው አንድ ጊዜ ዐይኑን ቢገልጥ ይበቃ ነበር እኮ። አውቶቡሷ እየመጣ ነበር።»

ኮሪደሩን የሚያናውጠው ሰው ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። የሚያጽናና ነገር ለመፈለግ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ሁሉ ከዚህ በፊት የተባለ ነበር።

«ጋሼ፣ መልሱን አላውቀውም» አልኩት።

«ደግ» አለኝ ዐይኑን እየጠረገ። «መልስ የነበራቸው ሁሉ መልሱን ሰጥተውኝ ሄዱ። አንቺ ትንሽ ተቀመጪ።»