ጣሪያው ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለወንድሜ አልተናገርኩም፤ አሁን ደግሞ ወንድሜ የለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለም፤ ሰው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናገር ነው የሚባለው። ተናግሬያለሁ። ግን እግዚአብሔር ድሮም ያውቀው ነበር። እኔ የፈለግኩት የማያውቅ ሰው እንዲሰማኝ ነው። ስለዚህ ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ እጽፋለሁ። ጽሑፍ ልማዴ አይደለም፤ ሃይስኩል እንደጨረስኩ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ነው ሥራ የገባሁት። ቃል ሲያጥረኝ ታገሠኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው። ጣሪያ ሰበርኩ። ጥፋቱን ሌላ ሰው ተሸከመው። እንዲህ አጭር ከሆነ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም? ይህን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ስጽፈው ምናልባት አገኘው ይሆናል።

ወንድሜ ሄኖክ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። «ነበር» ማለት ገና አልለመድኩም። ወደ ቶሮንቶ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ የመጀመሪያውን የበረዶ ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። በፊት ፍሌሚንግደን ፓርክ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖር ነበር። እዚያ ጣሪያ ማለት ከላያችን የሚኖሩት ሰዎች እግር ነው። በረዶው የፈለገውን ያህል ቢቆለል የእኛ ጉዳይ አልነበረም። ሄኖክ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ሺፍት እየሠራ ኢስት ዮርክ ውስጥ አንዲት ትንሽ አሮጌ ቤት ሲገዛ ነው እኛም ጣሪያ እንዳለን፣ ጣሪያም እንደሚያረጅ ያወቅነው።

«ቢኒ፣ ያንተ እንግሊዝኛ ይሻላል፤ አንተ ኮል አድርግ» አለኝ። «ዊንተር ሳይገባ ሦስት ሰው ዋጋ ይንገረን።»

የመጀመሪያው ንጹሕ መኪና ይዞ መጣ። እሱ መሬት ላይ ቆሞ ድሮን አስነሣ፤ ሥዕሉን አሳየንና ጣሪያው በሙሉ መነሣት አለበት፣ አሥራ አራት ሺህ ዶላር አለን። ሁለተኛው ጭራሽ አልመጣም። አድራሻችንን ተቀብሎ፣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ለክቶ፣ አሥራ አንድ ሺህ ብሎ ቴክስት ላከ። ገረመኝ። ማንም ሳይነካው ይህን ያህል ገንዘብ።

ሦስተኛው ጋሽ ታደሰ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል፤ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ሥራቸው ጣሪያ ነው። መሰላላቸውን አቁመው ወጡና ቆዩ። ከታች ሆነን የምናየው የጫማቸውን ሶል ብቻ ነበር። ሲወርዱ የሱሪያቸውን ጉልበት እያራገፉ፣

«ጣሪያችሁ ገና አልሞተም» አሉ። «በሰሜን በኩል ታች ያሉት ሁለት ረድፎች፣ ከዚያ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ። ሁለት ሺህ ይበቃዋል። ሌላው ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።»

«ድሮን ያለው ልጅ እኮ ሁሉም ይነሣ ነው ያለን» አለ ሄኖክ።

«ድሮን ጉልበት የለውም። እኔ ተንበርክኬ ነው ያየሁት።»

ሄኖክ ሳቀ። ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እንደው ለደንቡ ያህል፣ ወረቀት ቢጤ…» አለ። እኔ መሬት ነው ያየሁት። ከገዛ ወገን፣ ያውም ከአባት ከሚሆኑ ሰው፣ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ማለት የሚከብድ ነገር ነው። ጋሽ ታደሰ ግን አልተቀየሙም። ሥራው ያለቀ ዕለት ከሽንግሉ ማሸጊያ ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቀደዱ። (ሽንግል ጣሪያው ላይ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የሚመታው ጥቁር ንጣፍ ነው።) በአናጺ እርሳስ ጻፉበት፦ «ካፈሰሰ እመጣለሁ። ታደሰ።» ሄኖክ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ሲሄዱ መኪናቸው ውስጥ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና፣

«በረዶ ጫፉ ላይ ቢጋገር እንዳትነኩት። ሽንግል ሲበርደው ብስኩት ነው። ለእኔ ደውሉልኝ» አሉ።

ጥር ላይ በረዶው ጫፉ ላይ ተጋገረ። እንዴት እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ። የቤቱ ሙቀት በኮርኒሱ ሾልኮ ይወጣና ጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ ከሥሩ ያቀልጠዋል። ውሃው ቁልቁል ወርዶ ሙቀት የሌለው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይረጋል፤ ግድብ ይሆናል። ከኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ያጣና ሽቅብ፣ በሽንግሎቹ ሥር ይገባል። ውሃ ሽቅብ የሚሄድበት ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር። ያኔ የማውቀው ከአሽንዳው ላይ ክንዴን የሚያህሉ የበረዶ ዘንጎች መንጠልጠላቸውን ብቻ ነው። ከሥራቸው ምን እንዳለ ማየት አማረኝ።

ሄኖክ ሥራ ነበር። ጋራዡ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ መሰላል አለ። እኔ አወጣሁት። እኔ አቆምኩት። እኔ መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ ያሉትን ረስቼው ነው ብል ውሸት ነው፤ እያንዳንዱን ቃል አስታውሰው ነበር። ታዲያ ለምን ወጣሁ? ወንድሜን ልረዳ? ለራሴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ግን ሰው ሊረዳ የወጣ ሰው አይደብቅም።

መታሁት። ይህንንም ልናገር፤ ደስ ይል ነበር። የበር ያህል የሚሰፋ በረዶ ተላቆ ግቢው ውስጥ ሲከሰከስ ደስ አለኝ። ደግሜ መታሁት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። እንደ ብርጭቆ ይጮኽ የነበረው እንደ ደረቅ ዳቦ ሆነ። ከበረዶው ጋር ጥቁር ቁራጭ ወጣ፤ ላዩ እንደ አሸዋ ይሻክራል። አራት ቦታ ሰብሬያለሁ። ቁራጮቹን ለቅሜ በፌስታል ቋጠርኩና ጎዳና ላይ ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኳቸው። መሰላሉን መለስኩ። ሄኖክ ከሥራ ገብቶ፣ «በረዶው ወደቀ እንዴ?» ሲለኝ፣

«በራሱ ወደቀ» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አየሩ ሞቅ ሲል ከሄኖክ አልጋ በላይ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ፤ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ክቡ እኔ ከመታሁበት ቦታ ሁለት ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በእንጨቱ ላይ ተጉዞ በሌላ በኩል ነው የሚወርደው። ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ተስፋ። ምናልባት የእኔ አይደለም አልኩ።

ሄኖክ ሲደውልላቸው ጋሽ ታደሰ በዚያው ቀን መጡ። ወጡ፤ ቆዩ፤ ወረዱ። ጣቶቻቸው በብርድ ቀልተዋል።

«ወደ ላይ የወጣ ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ማን ይወጣል ጋሼ? እኛ ሊፍት የለመድን ሰዎች ነን» ብሎ ሄኖክ ሳቀ።

«ቢኒያምስ?»

«አልወጣሁም» አልኩ።

ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። «እንግዲያው የእኔ ነው» አሉ። በዚያ ብርድ ያለ ምንም ክፍያ ጠገኑት። መሰላላቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ እንደገና የጫማቸውን ሶል አየሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር። ለፋሲካ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ቤተ ክርስቲያናችን የአዳራሹን ጣሪያ ልታስጠግን ነበርና ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ተደረገ። ሥራው ለጋሽ ታደሰ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰዎች ወደ ሄኖክ ዞሩ፤ «ወንድም ሄኖክ፣ ያንተን ቤት የሠሩት እሳቸው አይደሉ እንዴ?»

ወንድሜ ውሸት አያውቅም። ተነሥቶ፣ «ጋሽ ታደሰን እወዳቸዋለሁ። ሲጠሩ ይመጣሉ። ግን የጌታ ገንዘብ ስለሆነ እውነቱን ልናገር፤ የእኔ ቤት በሦስት ወሩ አፈሰሰ» አለ።

ጋሽ ታደሰ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ምንም አልተናገሩም። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በእኛ ሰው መካከል ጣሪያ ሠሪ ሲፈለግ የእሳቸው ስም መነሣቱ ቀረ። አሁን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሐሰቱን ግን በጉባኤ ፊት የመሰከረው ወንድሜ ነው፣ እውነት መስሎት። ውሸቴን በንጹሕ ሰው አፍ አስነገርኩት። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

አለ። ባለፈው ዓመት ሄኖክ ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከአልጋው በላይ ኮርኒሱ ላይ እርጥበት የተወው ቡናማ ክብ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ በዓይኑ እያሳየኝ፣ «ቢኒ፣ ይሄንንም የሠሩት ጋሽ ታደሰ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለኝ። ከቀለደ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። በሩ ተዘግቷል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ማን ይሰጠኛል? ሳቅሁ። እኔ ሳቅሁ። ደስ ብሎት ዓይኑን ጨፈነ። በስድስተኛው ቀን ዐረፈ።

ለለቅሶው ወንበር ሲደረድሩ የዋሉት ጋሽ ታደሰ ናቸው።

በቅርቡ ቤቱን ልሸጥ አስቤ አንድ ቤት መርማሪ አስመጣሁ። ጣሪያው ላይ ያነሣቸውን ፎቶዎች በስልኩ አሳየኝ። ከአዲሶቹ ሽንግሎች አጠገብ፣ ሳይሰበሩ በቀሩት ላይ፣ ሳንቲም የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች አሉ። ሰው በመዶሻ መትቶታል፤ የጠገነው ሰው ግን ሥራውን ያውቃል አለኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ ብዙ አየሁት። እኔ ካየሁት ተንበርክከው ያዩት ጋሽ ታደሰ እንዴት አላዩትም? አይተውታል። «የእኔ ነው» ሲሉም ያውቁ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ኮፍያቸውን ይዘው ሲቀመጡም ያውቁ ነበር። ለምን ዝም አሉ? እኔን ከወንድሜ ጋር ላለማጣላት? ወይስ እስክናገር እየጠበቁኝ ነበር? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከሐዘኑ ያልተናነሰ የሚያብሰለስለኝ እሱ ነው።

እኔ ለምን ዝም እንዳልኩ ግን እየጻፍኩ የደረስኩበት መሰለኝ። መጀመሪያ ሄኖክን ፈርቼ ነው። ከሞተ በኋላ ደግሞ ለሄኖክ ብዬ ነው አልኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ወንድምህ በጉባኤ ፊት የሰው ስም አጠፋ ይባላል፤ እሱ ተነሥቶ አላወቅኩም ማለት አይችልም። ይህ ምክንያት ያምራል። ግን የሚያምረው እኔን ስለሚሸፍነኝ ነው። ሄኖክ ቢኖር ኖሮ በማግስቱ እሑድ ቆሞ ቃሉን ያነሣ ነበር። አሁን በእሱ ፋንታ ሊያነሣው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።

ትናንት ደወልኩላቸው። የምለውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር።

«ጋሼ፣ ቢኒያም ነኝ፣ የሄኖክ ወንድም።»

«የኔ ልጅ፣ እንዴት ሆንክ? ምግብ ትበላለህ?»

ወረቀቱን አየሁት። ከአፌ የወጣው ግን፣ «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» የሚል ሆነ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እንደገና ዋሸሁ፣ ለዚያው ሰው፣ ስለዚያው ጣሪያ።

«ያቺ ወረቀት አለች?» አሉኝ።

«ፍሪጁ ላይ ነች።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። መሰላሌን ግን ሸጬዋለሁ። የእናንተው ጋራዥ ውስጥ ያለው ይበቃናል።»

ስለዚያ መሰላል ነግሬያቸው አላውቅም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ይህን ጽሑፍ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ እሑድ ሄኖክ በቆመበት ቦታ ቆሜ አነብበዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ፈራሁ አልልም፤ የፈራ ሰው አይስቅም። ይቅርታቸውን እለምናለሁ፤ ቢከለክሉኝ ግን አልከራከርም። መሰላሉን ከጋራዡ አላወጣውም። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ጓንታቸውን ሳያጠልቁ፣ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ጣሪያው አያፈስም ጋሼ፤ እርስዎ የሠሩት ጣሪያ አፍስሶም አያውቅም።