ግዝት የተጣለበት ጥርስ

እህቴን የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሷ ማመም የጀመራት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ይኑር ይሙት የሚነግረን አልነበረም። ከእሱ የቀረላት በሆዷ የያዘችው ብቻ ነበር።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው አንድ ላይ ይነገራል፤ ጾማችንም በዓላችንም የተለያየ ነው። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማ ነበር፦ እርጉዝ ሴት ጥርስ አትነቀልም። ጥርሱ ሲወጣ ጽንሱም አብሮ ይወርዳል ይባላል። እንዲህ የሆነችውን ሴት ማን አየ ብዬ ስጠይቅ አንዷ ሐረር ነበረች ትለኛለች፣ ሌላዋ የለም አይሻ ከተማ ነው ትላለች። ስሟን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።

እህቴም ቅርንፉድ በጥርሷ ጉድጓድ እየጠቀጠቀች፣ ነጭ ሽንኩርት እየነከሰች ቻለችው። ሲብስባት ከሱቅ የቁስል ክኒን ተገዝቶላት አንድ ሁለት ትውጥና ትተወዋለች። እናታችን ጨው በመጥበሻ አሙቃ በጨርቅ ትቋጥርና ጉንጯ ላይ ትይዝላታለች። በዚያ በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ የጋለ ጨው! ሕመሙ ትንሽ ቀለል ይልና ጉንጯ አብጦ ያድራል።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» ብዬ ነጠላዋን አቀበልኳት። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«በጠባሽው ጡት፣ በእመብርሃን ገዝቼሻለሁ! ልጅሽ ሳይወለድ ጥርስሽን ብረት እንዳይነካው!»

እህቴ ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችው። እናት የገዘተችውን አፍርሶ የተረፈ የለም ብለን ነው ያደግነው። እኔ እንኳን፣ ለምላሴ ልጓም የሌለኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ማለዳ ለእህቴ ውሃ ሰጠኋት፤ ከአፏ ተመልሶ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። እብጠቱ ጉንጯን ትቶ ከአገጯ ሥር ወደ አንገቷ ወርዷል፤ ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል። አፏ ከጣት በላይ አይከፈትም፣ ምላሷ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት በጨርቅ ትጠርጋለች። ሁላችንም አዴ የምንላት ኦሮሞ ጎረቤታችን ገብታ አየቻትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዴም እንደ ሌሎቹ አይነቀልም ባይ ነበረች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ይሄ አንገት ጥሩ አይደለም። ወላሂ ጥሩ አይደለም። አቦ ምን ትጠብቂያለሽ? ጋሪ ጥሪ!»

ሆስፒታል ያገኘን ሐኪም ኩባዊ ነበር። አማርኛው ጥቂት ስለሆነ ነርሷ ታስተረጉማለች። አንገቷን ነካ ነካ አድርጎ አየና ፊቱ ተለወጠ። መግሉ ከጥርሱ ሥር ተነሥቶ ከመንጋጋ በታች ተሰራጭቷል፤ አሁኑኑ ተቀድዶ ካልወጣ እብጠቱ የአየር መተላለፊያዋን ይዘጋዋል፤ ምንጩ የሆነው ጥርስም መነቀል አለበት አለ። ነርሷ ይህን ተርጉማ ሳትጨርስ እህቴ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምን ሆነች?» አለ ሐኪሙ።

«እናታችን ገዝታታለች» አልኩ።

ነርሷ አየችኝ፣ እሱንም አየች። ይህን በምን ቋንቋ ትንገረው? እንደ ምንም ብላ ነገረችው መሰለኝ፤ እሱ ግን በጣቱ የገዛ ጉሮሮውን አሳይቶ «ጊዜ የለም» አለ በአማርኛ። እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ትንፋሿ እያፏጨ፣ እያየኋት ልትሞት ነው፤ የያዛትም አንድ ቃል ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ መጠሪያ አላገኘሁለትም።

በጋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በረርኩ። እናቴ ከቅጥሩ ሥር በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ትከሻዋን ይዤ አነሣኋት።

«ግዝቱን ፍቺላት፣ እማዬ። አሁን ፍቺላት።»

«ልጁስ?»

«እሷ ከሞተች ልጁ የት ይኖራል?»

ነጠላዋን ሰብስባ ጋሪው ላይ ወጣች። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ስንሻገር ፈረሱ እግሩ እየሰጠመ ሲያዘግም ወርጄ ልግፋው ብዬ ነበር። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው አይሰማም።

አልጋው አጠገብ ስትደርስ ተንበረከከች። «ፈትቼሻለሁ ልጄ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለች። እህቴ እጇን ከአፏ አነሣች።

ማደንዘዣ ተወጋች፤ መግል ባለበት ቦታ ግን መርፌው በደንብ እንደማይሠራ ነርሷ አስቀድማ ነግራናለች። ሐኪሙ ከአገጯ ሥር ሲቀድዳት ያሰማችው ድምፅ የእህቴ አልመስል አለኝ። መግሉ ፈሰሰ፣ ክፍሉ ሸተተ፤ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ ከተቱበት። ትንፋሿ ወዲያው ነው የቀለለው። ጥርሱ የተነቀለው አፏ ከተላቀቀ በኋላ ነበር፤ ያ እንኳን ከፈራነው ሁሉ ቀላሉ ነገር ሆኖ ተገኘ። ነርሷም ፋሻውን ነክሳ እንድትይዝ፣ ዛሬ አፏን እንዳትጉመጠመጥ፣ የረጋውን ደም በምላሷ እንዳትነካካ ደጋግማ አስጠነቀቀቻት። ቁስሉ የሚሽረው በረጋው ደም ነው አለች።

ቁስሉ ሻረ። ትኩሳቱ ግን ቀድሞ ሥራውን ሠርቶ ኖሯል፤ ከሆስፒታል ሳንወጣ ምጥ መጣባት። ወንድ ልጅ ነበር። አላለቀሰም።

ሐኪሙ በነርሷ በኩል አስረዳን። ልጁን የገደለው ወደ ደሟ የገባው መርዝ ነው፤ መጀመሪያ ባመማት ጊዜ መጥታ ቢሆን ትንሽ ሥራ ነበር፣ ለእርጉዝም የተፈቀደ ነው አለ። እኔ ሰማሁት። እናቴ የሰማችው አይመስለኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥርስ በፊቷ ሲነሣ ከቤት ትወጣለች። ግቢው ግን ማስረጃ አገኘ፦ ጥርሷ ተነቀለ፣ ልጇ ሞተ።

ባሏም አልተመለሰም። በሚቀጥለው ዓመት ከወዲያኛው ቤት ያለች ሶማሌ ሙሽራ፣ ሆዷ የገፋ፣ ጉንጯን በሻሽ አስራ መጣችና እህቴ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አበባዬ፣ ምን ላድርግ? እንቅልፍ የለኝም።»

እህቴ አገጯን ቀና አድርጋ ጠባሳዋን አሳየቻት። «እንዳትነቀዪ። እኔ እሺ ብዬ ነው ልጄን ያጣሁት።»

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ። «ምን ትላለች ይቺ! መነቀሉ እኮ ነው ያዳነሽ!»

ረጋ ብላ አየችኝ።

«ማን ነው የዳነው?» አለች።

ልጅቷ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች። ተከትያት ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፤ አልከፈተችልኝም።