ሽማግሌ በብስክሌት ስልት

ሽማግሌ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ምሳ እንዳትጋብዟቸው።

እኔ ወደ ጉብሬ፣ ወደ ፍቅረኛዬ አባት የምልካቸውን ሦስት ሽማግሌዎች ወልቂጤ ክትፎ ቤት አስቀምጬ እያበላሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዓለም አቀፍ የብስክሌት ውድድር ያሳያል። ሦስት ወንዶች ተከታትለው ይበራሉ፤ የፊተኛው አንድ ዙር ነፋሱን ሰብሮ ከመስመሩ ይወጣል፣ ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛው ያጠራቀመውን ጉልበት ይዞ ብቻውን ይጨርሳል።

«ይኼማ የሽማግሌ ሥራ ነው!» አሉ ጋሼ ሀብቴ። «እኔ ቁጣውን ተቀብዬ ልውጣ፤ ፈርዳ ለምኖ ይውጣ፤ ሳህሌ ይጨርስ።»

ጋሼ ሳህሌ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይወጣቸውም። «ኧረ ጋሼ፣ ትዳሬ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ!

ጉብሬ ደርሰን እነሱ ከልጅቷ አባት ቤት ገቡ፤ እኔ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በር በሩን አያለሁ። ጋሼ ሀብቴ ፊታቸው ተለዋውጦ ወጡ። ጋሼ ፈርዳም ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሉ። ጋሼ ሳህሌ ግን ውስጥ ቀሩ። ቆይቶ የምን ሳቅ ነው የምሰማው?

በመጨረሻ ከንፈራቸው በቅቤ ወዝቶ ብቅ አሉ። እሺ ያልተባለ ሽማግሌ ደግሞ እህል አይቀምስም። ከባጃጁ ዘልዬ ወረድኩ።

«እሺ አሉ?»

«ያንተን ሌላ ቀን ኑ ብለዋል፤ ወግ ነው» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። «እኔን ግን እሺ ብላኛለች።»

«ማን?»

«የልጅቷ አክስት።»