የአስረሳሽ ተቀባዮች

አስረሳሽ በመንደር አሥራ ስድስት ያልዳረችው ልጅ የለም። ወላጅ ድግሱን ይደግስ እንጂ ሰርጉን ሰርግ የምታደርገው እሷ ነበረች። ከበሮው ገና ሲዳሰስ አንገቷን ሰበር፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ግጥሙን ትለቀዋለች፤ ከኋላዋ የቆመው ሴት ሁሉ እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይቀበላታል። ያ ድምፅ ከማንጎው ዛፎች በላይ ወጥቶ፣ የቀርከሃውን ጫካ ተሻግሮ፣ እናቷ የተቀበረችበት አማራ ሳይንት ድረስ የሚሰማ ይመስላት ነበር።

ከሳይንት የመጣችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ ከባሏ ከጎሹና ትንሽ ልጅ ከነበረችው ከሠናይት ጋር በጭነት መኪና ተጭና። አሶሳ አጠገብ አሰፈሯቸው። መንደሩ ሲሠራ ስም የሚያወጣለት ስላልተገኘ ቁጥር ተሰጠው። ያንን ቁጥር አገር ያደረጉት የኔ ዘፈኖች ናቸው ብትል ማንም ውሸታም አይላትም ነበር።

አሁን ሠናይት ልታገባ ነው፤ አንድ ልጇ። አስረሳሽም ለሰው ልጅ ስትዘፍን ኖራ ለራሷ ልጅ ተቀባይ አጣች።

ሰዉ ሄዷላ! መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ገሚሱ ፈርቶ፣ ገሚሱ አገሩ ናፍቆት፣ ድስቱን ከነጥላሸቱ ጭኖ ወደ ወሎ ተመለሰ። አንዷ እልልታዋ የሚያስተጋባ ነበረች፤ ሌላዋ ከበሮ ስትመታ የሞተ የምትቀሰቅስ። አስረሳሽ ጎረቤቶቿ የሄዱ ሳይሆን የገዛ ጉሮሮዋ ተቆራርጦ የተወሰደ ይመስላታል።

ቤት ግን ባዶውን አይቀመጥም። ክልል የሚባል ነገር መጣ፤ አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች፤ ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈ። በስተቀኝ ባለው ቤት በርታዎቹ ኡመርና አማል ከሆሞሻ መጥተው ገቡ። በስተግራ ከቡለን የመጣች ሺናሻ፣ የቢሮ ሠራተኛ ሚስት፣ ብሪቱ። ከታች በኩል የወለጋ ሰዎች። በየስብሰባው ደግሞ አንድ ኮሌታው የተተኮሰ ልጅ ይነሣና «ብሔርዎ?» ይላታል።

«አስረሳሽ ነኝ!» ትላለች ተናዳ።

«ስምዎን አይደለም እማማ…»

«እማማህን እዚያው!»

አንድ ቀን «ሰፋሪ» ያላትን ሰው ረግማ ስትመለስ ኡመርን አጥሩን ሲጠግን አገኘችው። «እስቲ አሁን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ እኔ ሰፋሪ ነኝ?» አለችው።

ኡመር ሳቀ። «እናንተ በመኪና ስትመጡ እዚህ የአባቴ ማሽላ ነበር። ወፍ የምጠብቅ እኔ። መሬቱ ሲወሰድ ሆሞሻ ሄድን። ‹እነዚህ መቼ ነው የሚሄድ?› እንል ነበር። አሁን ሄዱ። እኔ ደግሞ አጥር ብቻዬን እሠራለሁ። ወላሂ፣ ሰው ያልቃል፣ አጥር አያልቅም።»

አስረሳሽ ፊቷን አዙራ ወደ ግቢዋ ገባች።

ጥር ሲቃረብ ከእነዚሁ ከአዲሶቹ ተቀባይ ልታወጣ ተነሣች። ሠናይት እጇን ይዛ ለመነቻት፤ «እማዬ በሞቴ፣ ካሴት እናስመጣ።»

«ካሴት ስሰድብ ይመልስልኛል? ካሴት ዓይኔን አይቶ እንባዬን ያውቃል? ወዲያ!»

ዋናው ጭንቀቷ በሩ ነበር። በአገሯ ወግ ሙሽራው ሲመጣ የሴቷ ወገን በሩን ዘግቶ በግጥም ይሞልጨዋል። እሱም ከነሚዜው ይለማመጣል፣ ይመልሳል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይጨፍራል። በሩ የሚከፈተው የልጅቷ እናት ሲበቃት ነው። ሳይሰደብ የገባ ሙሽራ ሚስቱን ከመንገድ ዳር እንዳገኛት ይቆጠራል። ሠናይት ደግሞ ከመንገድ ዳር አልተገኘችም። ስለዚህ አስረሳሽ ሴቶቹን ማንጎው ሥር ሰብስባ አዝማቹን ሰጠቻቸው፦ «ገና ነው፣ ገና ነው፣ በሩ አይከፈትም!» ከዚህ የሚቀል ምን አለ?

መጀመሪያ አማል ግጥሙ ሳያልቅ ገባች። ሁለተኛም ገባች።

«ቆይ እንጂ አማል! ልጨርስ!»

«አንተ ሁሉንም ብቻህን ትዘፍናለህ፤ ሌላ ሰው ምን ይሥራ?» አለች አማል ከልቧ ገርሟት። ሴት ይሁን ወንድ፣ አማርኛ ስትናገር ለአማል ሁሉም «አንተ» ነው፤ ለባሏም እንዲሁ። በእነሱ ዘንድ የቅል ጥሩንባ ሲነፋ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ በየቀዳዳው ይገባል፤ ማንም ብቻውን ዜማ አይጨርስም። ለአማል ክፍተት አይቶ አለመግባት ስንፍና ነው። ብሪቱ በበኩሏ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናትና «ገና ነው»ን ወስዳ፣ አስረዝማ፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቅላ ጸሎት አደረገችው።

«ብሪቱዬ፣ በር ነው የምንዘጋው፤ መንግሥተ ሰማያት አይደለም።»

«ከነፍሴ ዘመርኩት እኮ እታለም።»

«ነፍስሽን ለእሑድ አስቀምጪልኝ!»

ማታ ማታ አስረሳሽ ለጎሹ እየተማረረች ትተኛለች። ጎሹ እንዳልሰማ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

የሰርጉ ቀን ሙሽራው ኦሊያድ ከባምባሲ በጭነት መኪና አጃቢዎቹን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ደረሰ። የወለጋ ልጅ ነው፤ አስተማሪ፤ አንገተ ረጅም፣ ዓይነ አፋር። አስረሳሽ የግቢውን የቀርከሃ በር ዘጋች፤ ተቀባዮቿን ከኋላዋ አሰለፈች፤ አንገቷን ሰበረች፦

ባምባሲ አድራችሁ አቧራ ለብሳችሁ፣
ሙሽራው የቱ ነው? አንድ ሆነ መልካችሁ።

«ገና ነው፣ ገና ነው፣ በሩ አይከፈትም!» አለች አማል፣ ለጉድ ጮኻ። ከውጭ ሳቅ ፈነዳ። ጭብጨባው ደራ። አስረሳሽ ሰውነቷ ሞቀ፤ የሄዱት ሁሉ የተመለሱላት መሰላት።

ሚዜው ካልሲው አምሯል ሱሪው አጠረበት፣
ልጅ ልውሰድ ይላል እራቱ ጠፍቶበት።

ውጭ ያለው ድምፅ ቀነስ አለ። ደከሙ ማለት ነው፤ ይድከሙ! ሌላ ጨመረች። ድምፁ ይበልጥ ሳሳ። ሌላም ሌላም ደረደረች። በመጨረሻ ከበሩ ማዶ የሚሰማው የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻ ሆነ። በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ የመኪናው ሹፌር ነው፤ ብቻውን ቆሞ ያጨበጭባል።

«እማዬ…» አለች ሠናይት ከኋላዋ፣ በቬሏ ውስጥ ከንፈሯን ነክሳ። «ኦሊያድ እኮ ቤት ውስጥ ነው። እየበላ ነው።»

አስረሳሽ ዘወር አለች። በአጥሩ ላይ፣ በኡመር ግቢ በኩል፣ በሬ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ኡመር ያንን ሲጠግነው የከረመውን ቀርከሃ በገዛ እጁ ነቅሎ፣ ሙሽራውን ከነአጃቢው በጓሮ አስገብቷል። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሰው ያስታረቀ ሽማግሌ መስሎ ቆሟል።

«ኡመር! ምን አደረግኸኝ?»

«ገላገልሁህ!» አለ ኡመር። «ሰው ከሩቅ መጥቷል፣ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለህ፣ ሱሪውን ትሰድባለህ። ሐራም ነው! ሚስቴ ራሱ ‹በሩ አይከፈትም› እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ጎረቤቴ ተጣላ፣ ልጁ ሳያገባ ሊቀር ነው አልሁ።»

«ጸብ አይደለም! ሰርግ ነው!»

«ሰርግ ከሆነ ለምን ትሰድባለህ?»

አስረሳሽ ትታው ወደ ቤት ገባች፤ ሠናይትም ተከተለቻት። አጃቢው በየመደቡ ተደላድሎ ይጎርሳል። «ተነሡ!» አለች። «ውጡና በበሩ ግቡ! አዲስ እጀምራለሁ!»

ሚዜው ዳበሳ ጉርሻውን በግድ ዋጠ። «ሃርሜ፣ እናታችን፣ ቀመስን እኮ። የሰው ቤት ገብቶ፣ ቀምሶ፣ ሳይጨርሱ ተነሥቶ መውጣት እኛ ጋ ቂም ነው። አባቶች ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

«የእናንተ ቂም፣ የኡመር ሐራም፣ የብሪቱ ጸሎት!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቶ ቤቴ ተቀመጠ። የኔ ወግ የት ይቀመጥ? እስቲ ንገሩኝ፣ የት ይቀመጥ?»

ኦሊያድ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ፤ ጆሮው ቀላ። አስረሳሽ ወጥታ ማንጎው ሥር ቆመች። ሳትጠራው ግጥም መጣባት፣ ከበሮም ተቀባይም የሌለው፣ በአፏ ውስጥ ብቻ የሚንጎራጎር፦

ሳይንት ላይ ተወልደሽ አሶሳ ላይ አድገሽ፣
እንግዲህ ሠናይት የት ልበል አገርሽ።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግ ስትል መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ሊወስዷት ነው! እንደዚሁ በጸጥታ፣ እንደ ጆንያ ጭነው፣ ሊወስዷት!

እንባው እዚያው ደረቀ። ከጥላው ሥር ረጅሙን አግዳሚ ወንበር እየጎተተች አመጣችና በቤቱ ደጃፍ ላይ አጋደመችው፤ ራሷም ተቀመጠችበት። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቹ፣ አጃቢው ሁሉ ከውስጥ ቀሩ።

«አማል! ብሪቱ! ኑ ወዲህ!» አለች። «ጎሹ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ያችን የአጥር ቀዳዳ ያዝልኝ! ኡመር እጁን ቢሰድ ዛሬ አንተ ትሰደባለህ!»

በጓሮ ገባችሁ አጥር አስነስታችሁ፣
እንግዲህ ለመውጫው ማን ሊከፍትላችሁ?

አማል ክፍተት አየችና ገባች፤ ብሪቱም አስረዝማ ተከተለቻት። ቅብብሉ እንደ ሳይንት አልሆነም፤ እንደ ምንም አልሆነም። አስረሳሽ ጥርሷን ነከሰች፤ ግን አላቆመችም።

«እና ይሄስ?» አለ ኡመር ለሚስቱ በጭንቀት። «ሰርግ ነው ጸብ?»

«ሰርግ ነው። አንተ አጨብጭብ።»

«ሃርሜ፣» አለ ዳበሳ ከውስጥ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ይመሽብናል።»

«ላብህ የታለ?» አለችው አስረሳሽ። «ግንባርህ ደረቅ ነው። የሙሽራውም ደረቅ ነው። ደረቅ ግንባር በዚህ በር አይወጣም! እስቲ ትከሻችሁን አሳዩኝ!»

ኦሊያድ ሠናይትን አየ። ሠናይት በእናቷ ብስጭትም በእሱ ድንጋጤም እየሳቀች ራሷን ነቀነቀችለት። ልጁ ኮቱን አወለቀ፤ ለዳበሳ ሰጠው፤ መካከል ገብቶ በአገሩ ጭፈራ መሬቱን በእግሩ ይደበድበው ጀመር፤ ከመደቡ ላይ ብርጭቆ ተንኳኳ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አስረሳሽ ከወንበሩ ላይ ብድግ ብላ። «ትከሻ ነው ያልሁህ! ትከሻ! እግር ማን ጠየቀህ?»

ተመልሳ ተቀመጠችና ቀጣዩን ግጥም አወጣች።