የጅቡ አጥንትና የአባባ ደበሌ ጎመን

ልጅ ሳለሁ ከጎመን የባሰ ጠላት አልነበረኝም። መካኒሳ፣ ወንዙ ዳር ባለችው የጭቃ ቤታችን፣ ራት ሲቀርብ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ እቀመጥ ነበር። ኩፍኝ ይዞኝ ከተነሣሁ ወዲህ ሰውነቴ አልመለስ ብሎ፣ ጤና ጣቢያ «ደሟ አንሷል፣ ቅጠላ ቅጠል አብያት» ብለዋት እማዬ ጭንቅ ላይ ነበረች። አንዳንዴ ታባብለኛለች፣ ሲብስባት በቁንጥጫ አፌን ታስከፍተኛለች፤ እኔ ግን ጎመኑን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ጓሮ ወጥቼ እተፋዋለሁ። አንድ ቀን ስተፋ አየችኝና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ትሞትብኛለች ብላ መፍራቷ ያኔ አልገባኝም።

ጎመኑ የሚመጣው ከጎረቤታችን ከአባባ ደበሌ ጓሮ ነበር። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ያንን ሠፈር ሲያርሱት የኖሩ ገበሬ ናቸው። መሬቱ ቤት በቤት ሲሆንባቸው፣ ወንዙ ዳር የቀረችላቸውን ቁራሽ መሬት ጎመንና ካሮት ይተክሉባታል። ቁጡም ቀልደኛም ነበሩ፤ እኔን ከቅጥነቴ የተነሣ «ስንጥር» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

እማዬ ያለቀሰች ዕለት ማታ ጎመን ይዘው መጡ። መብራት ጠፍቶ ኩራዝ በርቷል፣ ከምድጃው የቀረው የከሰል ፍም የእሳቸውን ጉልበትና የእማዬን ፊት ያቀላዋል። እማዬ ጉርሻዋን ይዛ አፌ ላይ ደግና ሲያዩ፣

«ልጄ፣ አፏን ተዪው። ጆሮዋን ክፈቺ፤ አፏ ራሱ ይከተላል» አሏት።

ከዚያ በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ነዪ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ተረት ተረት» አሉ። «የላም በረት» ልል አፌን ስከፍት ጎመኑን አጎረሱኝ! ጉንጬ ተወጥሮ አንድ የማይሰማ ነገር አጉተመተምኩ። አልሳቁም። አፍ ሞልቶ የላም በረት አይባልም፣ ላሟ ትደነግጣለች አሉና ጠበቁኝ። ምን ላድርግ፣ ዋጥኩት።

ተረቱን ቀጠሉ፤ አያ ጅቦ ሠርግ ቤት ገብቶ ሥጋ ሥጋውን ብቻ ሲሰለቅጥ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። ጦጢት ጎመን ብላበትና ይውረድልህ ብትለው፣ ቅጠል የፍየል ነው ብሎ ተኮፈሰ። አባባ ደበሌ እዚህ ሲደርሱ ትሪውን ያያሉ። ስጎርስ የጅቡ አጥንት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እኔ እምቢ ካልኩ እሱም እዚያው ተሰንቅሮ ያድራል። ጉንጬ ያበጠ ከመሰላቸው ወጉን አቋርጠው «ተረት ተረት» ይላሉ፤ መዋጥ ነው እንግዲህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ጎመኑን ከጓሯቸው ራሴ ቀንጥሼ ለእማዬ የማመጣ ልጅ ሆንኩ። የእማዬ ቁንጥጫም ቀረ።

ትንሽ ከፍ ስል አባባ ደበሌ ታመሙ። ምራታቸው አጥሚት ይዛ ብትለምናቸው፣ ልጆቻቸው ቢቆጧቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አልቀምስም አሉ። እማዬ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ተከትያት ገባሁ። እሳቸው አይቆነጠጡ ነገር! ማንኪያውን ከምራታቸው ተቀብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና፣

«ተረት ተረት» አልኳቸው።

ፊታቸው ከግድግዳው አልተነሣም። እንባዬ ሊመጣ ሲል ቀስ ብለው ዞሩ፤ ሊመልሱልኝ ከንፈራቸው ሲላቀቅ አጥሚቱን ጠብ አደረግኩላቸው። ጠበቅኳቸው፣ ልክ እሳቸው እኔን ይጠብቁኝ እንደነበረው። ጉሮሯቸውን አልፎ ወረደ።

«የላም በረት፣ አንቺ ስንጥር» አሉ።

የዚያን ዕለት የአያ ጅቦን ነገር እኔ አወራሁ፣ ሳህኗም ባዶዋን ወጣች። ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አልቆዩ። ጓሯቸው ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የጎመናቸውን አጥር ይፈልጋል።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ልጄ ጎመን ስታይ እንደ እኔ ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ስልኩን ሰጥቼ ላብላት ሲዳዳኝ የእሳቸው «ጆሮዋን ክፈቺ» ትዝ ይለኛል። ስልኩን አስቀምጬ «ተረት ተረት» እላለሁ። ጉንጯ ተወጥሮ ታፈጥብኛለች፣ እኔም እጠብቃታለሁ። ውጣ ስትጨርስ «የላም በረት» ትላለች። እንዴት እንደሚናፍቁኝ! መልሱ የሚሰማኝ በእሳቸው ድምፅ ነው።